የጎሬ ልጅ ለድርቅ ሲሾም

እንግሊዝ መንደር ውስጥ ለመኖር ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ ወፍራም ካልሲና ሥራ። ሥራ ስል ደመወዝ ያለውን ማለቴ አይደለም። መንደሩ ራሱ አስቦ የሚሰጥህን፣ ያላመለከትክበትን፣ እምቢ ብትል የማይሰማህን ሥራ ነው የምለው። ካልሲው ገበያ ላይ ይገኛል። ሥራውን ግን ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ። እኔ ብርዱን ሁሉ ጠብቄ ጠብቄ በመጨረሻ የድርቅ አዋቂ ሆኜ ተሾምኩ።

እኔ የጎሬ ልጅ ነኝ። ጎሬን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ ኢሉባቦር ውስጥ ያለች፣ ዝናብ ከዓመት ዓመት የማይለያት፣ የተሰጣ ልብስ ሳይደርቅ ሻግቶ የሚነሳባት ከተማ ናት። ስለ ጭቃ ጠይቁኝ፤ አስተምራለሁ። ስለ ድርቅ የማውቀውን ግን ያወቅኩት እንደ ማንኛውም ሰው ከሬዲዮ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1968 ዓ.ም. መግቢያ፣ በፈረንጆቹ 1975 መሆኑ ነው፣ ለትምህርት ባዝ ወደምትባለው ከተማ ተላክሁ። ባዝ ሮማውያን ፍል ውሃዋን ገንብተው የታጠቡባት፣ ቤቶቿ በአንድ ዓይነት ቢጫ ድንጋይ የታነጹ ውብ ከተማ ናት። ውበቷን ኪራይዋም ያውቀዋል። የኪሴን ልክ ያየ አንድ የትምህርት ቤት ሰው ወደ ደቡብ፣ ራድስቶክ አካባቢ ካለ መንደር ክፍል ፈለገልኝ። «የእንግሊዝ ገጠር ታያለህ» አለኝ። ደስ አለኝ። የሣር ክዳን፣ የጽጌረዳ አጥር፣ ድልድይ ስር የምትዋኝ ዳክዬ ታየኝ፤ የፖስታ ካርድ ያሳደገው ሰው ሌላ ምን ይታየዋል?

የጠበቀኝ የድንጋይ ከሰል አገር ነበር። ጥቁር የአፈር ክምር ኮረብታ አክሎ፣ ሣር በቅሎበት ከመንደሩ ጀርባ ቆሟል። ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተደጋግፈው በሰልፍ ተሠርተዋል። በአካባቢው የቀሩት የመጨረሻዎቹ ሁለት ጉድጓዶች የተዘጉት መስከረም 1973 ነው፤ እኔ ስደርስ ሁለት ዓመታቸው። ከመንደሩ ጥግ የባቡር ጣቢያ ነበር፤ ባቡር ግን የለም። መንግሥት በ1963 ባወጣው ዕቅድ አገሩን የሸፈነውን የገጠር ሐዲድ ሲቆራርጥ፣ ከባዝ ወደ ደቡብ ባሕር ዳርቻ የሚወርደው መስመርም መጋቢት 1966 ተዘግቷል። ባቡሩ ይሠራ በነበረበት ዘመን የአካባቢው ሰው «ቀርፋፋና ቆሻሻ» እያለ ያማው ነበር አሉ። ከተዘጋ በኋላ ግን የዚያን ያህል የተለቀሰለት ሟች በመንደሩ አላየሁም።

የገባሁት እሑድ ነው። በዚያ ዘመን እሑድ ዕለት እንግሊዝ ገጠር መግባት፣ ለቅሶ ቤት ሳይነገሩ እንደመድረስ ነው። ሱቅ ዝግ ነው። አውቶቡስ የለም። መጠጥ ቤቱ በስድስት ሰዓት ይከፍትና በስምንት ሰዓት ይዘጋል፤ ከዚያ እስከ ማታ አንድ ሰዓት በሩ አይነቃነቅም። ከሰዓት በኋላ መዝጋትን ያመጣው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው፤ የጥይት ፋብሪካ ሠራተኛ ሰክሮ ሥራ እንዳይገባ ተብሎ። ጦርነቱ በ1918 አለቀ። ደንቡ በአዘቦት ቀን እንኳ የተነሳው በ1988 ነው። እንግሊዝ አንድ ነገር ከጀመረ አይቸኩልም።

ከራድስቶክ በእግሬ ሻንጣዬን ተሸክሜ አዘገምኩ። ግማሽ መንገድ ላይ የሻንጣው እጀታ ተበጠሰና እቅፍ አደረግኩት። መንደሩ ውስጥ አንድ ሰው ደጅ አልነበረም። መጋረጃ ግን ሲነቃነቅ አያለሁ፤ አንዱ ይረግባል፣ ቀጥሎ ያለው ይነሳል። አከራዬ በር ከፍተው ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣

«ግባ ልጄ። እጀታውን እሰፋልሃለሁ» አሉኝ።

ሻንጣውን ገና አላዩትም፤ ከኋላዬ መሬት ላይ ነበር። ስልክ ቀድሞኝ ገብቷል ማለት ነው። ያን ቀን መረዳት ነበረብኝ። እዚህ መንደር ሁሉም ሁሉን ያውቃል፤ የሚጠይቅ ግን የለም።

አከራዬ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ባላቸው ከሰል ጉድጓድ ሲሠሩ ኖረው የሞቱባቸው ባልቴት ናቸው። ቤቱ ውስጥ የሚሞቀው አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ እሱም እሳቸው የሚቀመጡበት። የእኔ ክፍል ሳንቲም የሚበላ ቆጣሪ ነበራት። አሥር ፔኒ ስትጎርስ የኤሌክትሪክ ምድጃዋ ቀላ ትልና፣ ካልሲዬን አውልቄ እግሬን ሳቀርብ ጠቅ ብላ ትጠፋለች። ገንዘቡ በራሱ ሌላ ፈተና ነበር። እንግሊዞች የካቲት 15 ቀን 1971 ነው ፓውንዱን ለመቶ ፔኒ የከፈሉት። ከዚያ በፊት አንድ ፓውንድ ሃያ ሽልንግ፣ አንዱ ሽልንግ ደግሞ አሥራ ሁለት ፔኒ ነበር። አከራዬ አዲሱን አሠራር ሰምተዋል፤ አልተቀበሉትም እንጂ። የቤት ኪራዬን በሽልንግ ይነግሩኛል፣ እኔ በፔኒ አስልቼ እከፍላለሁ፣ እሳቸው መልሰው ወደ ሽልንግ ለውጠው ይቆጥራሉ፤ ሻዩ በመካከል ይቀዘቅዛል። ቆጣሪዋ ግን አድልዎ አታውቅም። የድሮው ሁለት ሽልንግና አዲሱ አሥር ፔኒ መጠናቸው አንድ ስለነበር ሁለቱንም እኩል ትውጣለች።

ብርዱ ሲገባ ዝምታውም ገባ። ጎሬ ላይ እንግዳ ሰው ገበያ ቢወጣ እግሩ ሳያርፍ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማግባት አለማግባቱ፣ ደመወዙ ስንት እንደሆነ ይጠየቃል፤ መልሱ ካልጣመም ይመከራል። እዚህ ሱቅ ስገባ ወሬ ይቆማል፤ ዳቦዬን ይዤ ስወጣ ይቀጥላል። የሚሉኝ አንድ ነገር ነው። «ቀዝቅዟል፣ አይደል?» እኔም «ቀዝቅዟል» እላለሁ። በማግስቱ «ትንሽ ሻል ብሏል፣ አይደል?» ሻል ብሏል። አገሬ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል፤ እነዚህ ሰዎች ሳይናገሩ እንዴት ህንድን ያህል አገር እንደያዙ ስገረም ከረምኩ።

አንድ ርዕስ ብቻ ነበር ምላሳቸውን የሚፈታው፤ ንጉሠ ነገሥቱ። ግርማዊነታቸው ጣሊያን አገራችንን ሲይዝ በስደት የኖሩት ባዝ ነው፤ ከ1936 እስከ 1940፣ ፌርፊልድ በሚባለው ቤት። ከተማዋ በ1954 የክብር ነዋሪነት ሰጥታቸዋለች፤ እሳቸውም በ1958 ቤቱን ለአረጋውያን መጠጊያ እንዲሆን ለከተማዋ አበርክተዋል። ግጥምጥሞሹን እዩልኝ። በ1928 ዓ.ም. ንጉሡ ወደ ስደት ሲያቀኑ የቀረውን መንግሥት ያስቀመጡት ጎሬ ነው፣ ለቢትወደድ ወልደ ጻድቅ አደራ ብለው። ንጉሡ ባዝ፣ መንግሥታቸው ጎሬ። እኔ ደግሞ ከመንግሥቱ ወደ ንጉሡ መጣሁ፤ ዘግይቼ፣ ንጉሡ ካረፉ በኋላ።

በዚያ ቀበሌ ዕድሜው የገፋ ሰው ሁሉ ንጉሡን አይቻለሁ ይላል። አንዷ ዳቦ ቤት፣ አንዱ ባቡር ጣቢያ፣ ሌላው ካባቸውን ደርበው ኮረብታ ሲወጡ። ሁሉም እውነታቸውን ከሆነ ግርማዊነታቸው አራት ዓመት ሙሉ አልተቀመጡም፤ ሲዞሩ ነው የኖሩት። እኔ አዳምጣለሁ። ከዚያ ትንሽ ዝም ይሉና ሌላውን የሚያውቁትን ያነሳሉ። በጥቅምት 1973 ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ በቴሌቪዥን አሳይቷቸዋል። ያየ ሰው አልረሳውም። ስለዚህ በመንደሩ ግምት ኢትዮጵያ ማለት ንጉሥና ድርቅ ናት። ንጉሥ አለመሆኔ ግልጽ ነው። የቀረኝን ገምቱ።

የ1976 በጋ መጣ። ሰኔ መጨረሻ ላይ ሙቀቱ ጀመረና ለአሥራ አምስት ተከታታይ ቀናት በእንግሊዝ አንድ ቦታ ወይም ሌላ ቦታ ከ32 ዲግሪ አላነሰም። ቸልተንሃም ላይ 35.9 ደረሰ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ካልሲ ከቤት ወጣሁ። እነሱ ግን ወደቁ። ወንዱ ሸሚዝ አልባ ሆኖ እንደ ቲማቲም ቀላ። የመንደሩ መስክ ቡናማ ሆነ። ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት ቀይ ጥንዚዛ በመንጋ መጥታ መስኮቱን፣ ልብሱን፣ የሻዩን ስኒ ሞላችው፤ የምትልሰው ብታጣ ሰው መንከስ ጀመረች። በደቡብ ምዕራብ ከአርባ ቀን በላይ ጠብ ያላለበት ቦታ ነበር። ፓርላማው ነሐሴ ወር መግቢያ ላይ የድርቅ ሕግ አወጣ። በጎማ አትክልት ማጠጣት ተከለከለ። በሽንት ቤቱ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ጡብ ክተቱ፣ የታጠባችሁበትን ውሃ አትድፉ ተባለ። አከራዬ ጡቡን ራሳቸው አጥበው ከተቱት።

ከዚያ በር መንኳኳት ጀመረ። ዘጠኝ ወር ሙሉ ብርዱን ብቻ ያዋየኝ መንደር አሁን ተራ በተራ ይመጣል። መጀመሪያ የሱቁ ባለቤት። «እናንተ አገር እንዴት ነው የምትችሉት?» «እኔ የመጣሁበት አገር ይዘንባል» አልኩ። ራሱን ነቀነቀ፤ ትሕትና መሰለው። ቀጥሎ ፖስታ አዳዩ መጣ። ከዚያ ቄሱ መጡ፤ በመንደሩ አዳራሽ ስለ ድርቅ ንግግር እንዳደርግ። «አባ፣ እኔ ድርቅ አይቼ አላውቅም» አልኳቸው። እሳቸውም እጄን ያዝ አድርገው፣ «ማውራት ከከበደህ አሳጥረው» አሉኝ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። በእንግሊዝ ገጠር አዳራሽ የሚሞላው ለሁለት ነገር ነው፤ ለአሮጌ ዕቃ ሽያጭና ለሰው ጉድ። ብስኩትና ሻይ ቀረበ፤ ሻዩን እያየሁ ይህ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ አልኩ በልቤ። ተነስቼ የማውቀውን ተናገርኩ። ስለ ጎሬ ዝናብ፣ በጭቃ ስለምትሰምጥ በቅሎ፣ ጫማ አልጋ ስር አድሮ ሻጋታ እንደሚያበቅል። ፎቶግራፍ አሳየሁ፤ የእናቴ ቤት፣ ከኋላው ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ ከላይ የከበደ ደመና። ፎቶው ከእጅ እጅ ሲዞር አንዲት ሴት ዕንባ አቀረሩ። «እንዲህ አረንጓዴ ነበር?» አሉ። «አሁንም ነው» አልኩ። «ተስፋ አለመቁረጥህ ደስ ይላል» ብለው አፍንጫቸውን አበሱ።

በመጨረሻ ተስፋ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ሰው ካንተ የሚፈልገውን አስቀድሞ ከያዘ፣ እውነት ብትነግረው ለጨዋነትህ ይቆጥርልሃል። ሹመቱን ተቀበልኩ።

የመጀመሪያው ደንበኛዬ ከአጥሩ ማዶ ያሉት ጡረተኛ ከሰል ቆፋሪ ናቸው። አርባ ዓመት ያህል መሬት ውስጥ ሠርተው የወጡ፣ ደረታቸው የሚያፏጭ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሽማግሌ። በጓሯቸው ረዥም አረንጓዴ ዱባ ያሳድጋሉ። እዚያ አገር የመንደር ባዛር የሚባል ዓመታዊ ነገር አለ። ድንኳን ይተከላል፣ ኬክ ይሸጣል፣ ትልቁ ዱባና ረዥሙ ባቄላ ይሸለማል። ሽልማቱ የወረቀት ካርድና የሲጋራ መግዣ የማትሞላ ሳንቲም ናት። ለዚያች ካርድ ግን ወንድማማቾች ሲኮራረፉ አይቻለሁ። ሽማግሌው አጥሩን ተደግፈው፣

«አንተ ልጅ፣ እናትህ አትክልት ውሃ ሲያጥረው ምን ታደርግ ነበር?» አሉኝ።

እናቴ ውሃ አጥሯት አያውቅም። ውሃው እንዲወርድላት ቦይ ስትቆፍር ነው የኖረችው። ሥሩን ሣር ማልበስ ግን ታውቅበታለች፤ አረም እንዳይወጣ። «ሥሩን ሣር ያልብሱት፣ የእቃ እጣቢ ማታ ማታ ያፍስሱበት» አልኩ። ሣር አለበሱት። እጣቢው ግን አልበቃም፤ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ስንት ሳህን ያጥባሉ? ስለዚህ አከራዬ የገላቸውን ውሃ መረቁላቸው። ተሸካሚው፣ አዋቂው ራሱ ሆነ።

አንድ ምሽት በባልዲ ሞልቼ በጓሮ መንገድ ስወጣ የእጅ ባትሪ ፊቴ ላይ በራ። ፖሊስ ነው። በዚያ ሰሞን በድብቅ የሚያጠጣ ሰው አለ ተብሎ ጥቆማ በዝቶ ነበር።

«ምን ይዘሃል?»

«ውሃ።»

«የምን ውሃ?»

«የገላ።»

«የማን ገላ?»

እዚህ ላይ ቋንቋ ከዳኝ። የአንዲትን ባልቴት ስም ከገላቸው ጋር አያይዞ በጨለማ ለፖሊስ መናገር ጎሬ ያሳደገው ልጅ የሚችለው አይደለም። «የቤቱ» አልኩ። ጎንበስ ብሎ በባትሪው አረፋውን አየ፤ አሸተተ። «ላቬንደር» አለ፤ «እለፍ።» የማን ሳሙና እንደሆነ አውቆታል። በማግስቱ ዳቦ ልገዛ ስገባ የሱቁ ባለቤት ሳልጠይቀው አንድ የላቬንደር ሳሙና ከዳቦው ጋር አስቀመጠልኝ። «ለሴትዮዋ ነው። በዚህ አያያዝ ሳያልቅባቸው አይቀርም።» ከዚያ በኋላ በሰፈሩ ስለ ባልዲው ያነሳ ሰው የለም። ሁሉም ግን ማታ ማታ በዚያ መንገድ ሳልፍ የጓሮ መብራቱን ያበራልኝ ጀመር።

ነሐሴ ማለቂያ ላይ መንግሥት ጨነቀውና የስፖርት ሚኒስትሩን ዴኒስ ሃውልን የድርቅ ሚኒስትር አድርጎ ሾመ። እኔን ከሾመው መንደር ይልቅ የዘገየ ነው። ሰውየው ወንበሩ ሳይሞቅ፣ በቀናት ውስጥ፣ ሰማዩ ተቀደደ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ለእሱ የተተረተ ነው የሚመስለው፤ ለመብላት ጊዜ አልሰጡትም።

የእኛ ባዛር የዋለው ደግሞ በዚያው ሰሞን፣ በነሐሴ የመጨረሻ ሰኞ፣ ብሔራዊ ዕረፍታቸው ላይ ነው። ጠዋት ደመና ነበር፤ ማንም አላመነውም። ዱባዎቹ ድንኳን ውስጥ በነጭ ጨርቅ ላይ ተደርድረዋል፤ በየአንዳንዱ ስር የባለቤቱ ስም በቀለም የተጻፈበት ካርድ። የእኔ ሥራ ሜትር መያዝ ነው፤ ከውጭ የመጣ ሰው አያዳላም ተብሎ። የማን ዱባ በማን ገላ ውሃ እንዳደገ ከእኔ ሌላ የሚያውቅ የለም ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው፣ የማያውቅ አልነበረም።

መጀመሪያ ድንኳኑ ላይ ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ ተሰማ። ንግግር ቆመ። ከዚያ ወረደ። የጎሬ ዝናብ ነው፤ እንደዚያ ያለ ከወጣሁ ወዲህ አላየሁም ነበር። እነዚያ ለጠብታ ጃንጥላ የሚዘረጉ ሰዎች ወጥተው መስኩ ላይ ቆሙ። ኮታቸውን አልሸፈኑም። ሙዚቀኞቹ መለከታቸው ውሃ እየሞላ ነፉ። የኬኩ እመቤት ኬኳን ትታ ወጣች። ሮጬ ድንኳን የገባሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ የዝናብን ነገር የማውቅ።

ድንኳኑ ጣራው ላይ ውሃ አቆረና ምሰሶው ተንገዳግዶ ወደቀ። ዱባዎቹ በሣሩ ላይ ተንከባለሉ። ሰብስበን ስንመልሳቸው የካርዶቹ ቀለም ታጥቦ ሁሉም ባዶ ነጭ ሆነዋል። የማን የማን እንደሆነ ይለይ ሲባል ሁሉም ትልቁን የእኔ ነው አለ። የአዘጋጆቹ አለቃ፣ ቀጭን ቁመታም ሴትዮ፣ ወደ እኔ ዞሩ። ሜትሩን ይዤ አንዴ ሽማግሌውን፣ አንዴ ዱባዎቹን አያለሁ። ሽማግሌው ዝም ብለው ከኪሳቸው ቋጠሮ የበዛበት ሲባጎ አወጡ። በየማታው የዱባቸውን ዙሪያ እየለኩ ቋጥረውታል፤ የከሰል ጉድጓድ ሰው በቃል አይተማመንም። ሲባጎው በአንደኛው ላይ ልክክ አለ። ሁለተኛ ወጡ። አንደኛ የወጣችው ከላይ ሰፈር ያለች ሴት ናት። የእሷ ውሃ ከየት እንደመጣ እኔ አላውቅም፤ መንደሩ ግን ማወቅ አለበት።

መስከረምና ጥቅምት ያለማቋረጥ ዘነበ። የሱቁ ባለቤት «ጥሩ ሠርተሃል፤ አሁን ደግሞ እንዴት እንደሚቆም ንገረን» አለኝ። ሃውል ጎርፉን እንዲያይ ተደረገ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ብርዱ ሲጠና በረዶውም ለእሱ ተሰጠ። የእኔም ዕጣ ከእሱ አልራቀም። ድርቁ ሲያበቃ ሹመቴ አብሮ ያበቃና ወደ «ቀዝቅዟል፣ አይደል?» የምመለስ መስሎኝ ነበር። አንድ ማታ ሽማግሌው በር አንኳኩ። መጠጥ ቤቱ ጓሮ ስኪትልስ ይጫወታሉ፤ ረዥም የእንጨት መንገድ ላይ ኳስ አንከባልሎ ዘጠኝ ዘንግ መጣል ነው። የወደቁትን ዘንጎች የሚያቆም ሰው ጠፍቷል።

«ሐሙስ ትመጣለህ» አሉ። ጥያቄ አልነበረም።

ሄድኩ። ጨዋታውን አላስተማሩኝም፤ የምቆምበትን ቦታ ብቻ አሳዩኝ። ዘንግ አቋሚው የሚቆመው ኳሱ በሚደርስበት ጫፍ ነው። ከሰል የቆፈረ ክንድ የሚወረውረው የእንጨት ኳስ ምን እንደሚመስል ቅልጥሜ ያውቀዋል። በየሐሙሱ እያነከስኩ እገባለሁ፤ አከራዬ ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክረው ያደርጉልኛል። የከሰል አካባቢው ዕድሜ የጠገቡ ሰዎች ደግሞ አንድ በአንድ ስሜን እየጠሩ ይቀልዱብኛል፣ ሒሳብ ይከፍሉልኛል፣ ዕዳም ይጠይቁኛል። እንግዳ ሳለሁ በጨዋነት ያለፉኝ ሰዎች፣ ሥራ ሲሰጡኝ ይሰድቡኝ ጀመር። እዚያ አገር ከዚህ የበለጠ የዜግነት ወረቀት አላየሁም፤ ኋላ በለንደን ያገኘሁትም ማኅተም ያለበት ወረቀት ቢሆን፣ እንደ ሐሙሱ ኳስ ቅልጥሜ ላይ ምልክት አላስቀረብኝም።